ከፕሮግራም ውጪ የተቀዳ ውሃ

«ዛሬ የምትመጣው የእኛዋ ልጅ ናት» አለ ታላቅ ወንድሟ በስልክ። «ሦስት ሰዓት ላይ። ሁለት ተኩል ሲል ዝጉት፤ እሷ ከሄደች በኋላ ስድስት ሰዓት ላይ ልቀቁት። አዎ፣ እንደ ወትሮው ነው።»

መታጠቢያ ቤቱን ከጓዳው የሚለየው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። ወንድሟ ቧንቧውን ከፍቶ ድምፁን የሸፈነ መስሎት ነበር፤ እሷ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ደረሰ። ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን ዳቦው ውስጥ እንደሰካች ቀረች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሞኝ ነበር፤ ምናልባት ሌላ «የእኛ ልጅ» ትኖር ይሆናል አለች በሆዷ። ከዚያ ዓይኗ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄደ። የወሩ የሥራ ፕሮግራሟ ነው። እናቷ «ለምሳ ትምጪ አትምጪ ሳላውቅ ምግቡ እየተበላሸብኝ ነው» ብለው ስለተነጫነጩባት በየወሩ መጀመሪያ እያመጣች ትለጥፈዋለች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የምትሄድበት ፋብሪካ፣ ሁሉም ተዘርዝሮበታል። የዛሬው መስመር ላይ በእርሳስ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ነጥቧን እሷ አላደረገቻትም። እናቷ ደግሞ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ወንድሟ ነው።

ሥራዋ ውሃ መቅዳት ነው። ከተማውን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈውን ወንዝ ከሞት ለማስነሣት በተቋቋመ ጽሕፈት ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጠርሙስ የታጨቀበት ሣጥን አንግታ በየፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ አፍ እየሄደች ትቀዳለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ትፈርማለች። የወንዝ ዳር ሰዎች «ባለጠርሙሷ» ይሏታል፤ ስሙን ወዳዋለች። ወንድሟ የጥገና ኃላፊ የሆነበት ቆዳ ፋብሪካ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሃያ አራት ጊዜ ተመርምሮ ሃያ አራት ጊዜ ንጹሕ ወጥቷል። ወንዙ ግን ከፋብሪካው በታች እንደ ሬሣ ይሸታል። ፋብሪካው ንጹሕ ከሆነ ቆሻሻው ከየት ነው የመጣው? ጽሕፈት ቤቱ መልሱን አግኝቶታል፤ ከፋብሪካው በታች ዳር ዳሩን ይዘው ሰላጣና ቆስጣ ከሚያበቅሉት ሰዎች፣ ከፍጋቸውና ከፀረ ተባያቸው ነው ተባለ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ተሰብስበው ቦታውን ለመልቀቅ ይፈርማሉ። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የሃያ አራቱ ምርመራ ውጤት ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ደግሞ የባለጠርሙሷ።

ቁርሱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ የእናቷ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ የፕላስቲክ ጠረጴዛ። ወንድሟ ፀጉሩ እንደረጠበ መጥቶ ተቀመጠ። እጆቹን አየቻቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ኖራና ጨው የበላቸው እጆች ናቸው፤ መገጣጠሚያቸው ላይ ቆዳው እየተሰነጠቀ ደም ያወጣል። አባታቸው ሲሞት እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ኮሌጅ ያስገቧት እነዚያ እጆች ናቸው። አሁን ጮኻ ብትናገረው ይቀልላት ነበር፤ ግን አፏን ስትከፍት የሚወጣው ነገር ስድብ ይሁን ልቅሶ እርግጠኛ አልነበረችም።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አላት።

«እንቅልፌን አልጠገብኩም፣ ጋሼ።»

«ተዋት፤ ዝም አይነቅዝም» አሉ እናቷ። እሱም ትልቁን የዳቦ ቁራሽ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ ጫማውን አሥሮ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። ቁራሹን ሳትነካው ተነሣች።

ፋብሪካው በር ላይ እንደ ወትሮው በወግ ተቀበሏት። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ሣጥኗን ተሸከመላት፤ ጥላ ሥር ወንበር ወጣላት፤ ያላበው ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፍቶ ሊሰጣት ሲል «ቆይ አትክፈተው» አለችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሁለት ዓመት ሙሉ እያሳሳቀ ሲወስዳት የነበረውን ውሃ ዛሬ ቆማ ማየት ፈለገች። የፍሳሽ ማጣሪያው እየሠራ ነበር፤ ሰማያዊዎቹ ገንዳዎች ይናጣሉ፣ ሞተሩ ያጓራል። ይህን ድምፅ በሰማች ቁጥር ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ጠጋ ብላ አየችው። የሞተሩ ቀለም ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ አንድም ቦታ አልተፋቀም። ከመወጣጫው ሦስተኛ ደረጃ እስከ ገንዳው ከንፈር ድረስ ሸረሪት ሰፊ ድር አድርታለች። ይህ መሰላል በየቀኑ ሰው የሚወጣበት ቢሆን ኖሮ ሸረሪቷ ሌላ ቤት ትፈልግ ነበር። ባለጠርሙሷ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለውን የጠራ ውሃ ቀዳች፣ ቅጹን ሞላች፣ ዘበኛው «ታዛቢ» በሚለው መስመር ላይ እንደ ሁልጊዜው ፈረመ። ለስላሳውን እንደታሸገ ወንበሩ ላይ ትታው ወጣች።

የቢሮው ሾፌር ሞተር አስነሥቶ ሲጠብቃት «አንተ ሂድ፣ እኔ እቆያለሁ» አለችው።

«ፕሮግራሙ አለቀ እኮ! ቢሮ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ምሳዋን ከወንዙ ጋር ልትበላ ነው በላቸው።»

ከፋብሪካው የኋላ አጥር ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ የፍየል መንገድ ያህል ጠባብ ነው። ያው ቱቦ የሚወጣበት ገደል ሥር፣ ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ፣ የእትዬ ሰላጣ መደቦች ይጀምራሉ። ሴትዮዋ ሰላሳ ዓመት ሰላጣ ሲያበቅሉ ስለኖሩ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው፤ ባላቸው እንኳ «የእትዬ ሰላጣ ባል» ተብለው ነው የተቀበሩት ይባላል። አጎንብሰው ሲያርሙ ደረሰችባቸው። ባልዲ ገልብጠው አስቀመጧት፤ ማን እንደሆነች ያውቃሉ፣ ለምን እንደተቀመጠች ግን አልጠየቁም። መደቦቹ ከላይ ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ቅጠሉ ሰፊና ብሩህ ነው፣ ረድፉ በገመድ የተለካ ይመስላል። ሣጥኗን እግሯ ሥር አድርጋ ሰዓቷን እያየች ቆየች። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ተኩል ሆነ። መደቡን እያየች «ሰላጣው ያምራል። ለቤትዎም ከዚሁ ነው የሚወስዱት?» አለቻቸው።

እትዬ ሰላጣ ቀና ብለው ጭቃውን ከእጃቸው አራገፉ። «እኔ አልበላውም» አሉ። «ልጆቼም አይበሉትም። ለእኛ ከገበያ ነው የምገዛ።»

«ለሰው ግን ይሸጣሉ።»

«ምን ልሽጥ ታዲያ? ድንጋይ?» ድምፃቸው አልተቆጣም፤ የተቆጣው ዓይናቸው ነው። «ኃጢአቴን አውቀዋለሁ ልጄ። አንቺ ሳትወለጂ ከዚህ ወንዝ ዓሣ በእጄ ይዣለሁ። ውሃው ሲሸት ለቀበሌው ተናገርን፤ ዝም። ለጤና ቢሮ ተናገርን፤ ዝም። ከዚያ አንቺ ጠርሙስሽን ይዘሽ መጣሽ፤ ተመስገን አልን። አንቺም ዝም። ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ይህን ወንዝ አላየም።»

ጠዋት ከእናቷ አፍ የሰማችው ተረት እዚህ ሌላ ነገር ሆነባት። ከገደሉ በላይ ደረቅ ጠጠር ሲንከባለል ሰምታ ቀና ስትል ወንድሟ ቱቦውን ሊያይ በጎማ ቦቲው እየወረደ ነበር። እሷን ሲያይ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሥራዬን።»

«ሥራሽ እኮ አልቋል። ፈርመሻል።»

«ስድስት ሰዓት እየጠበቅሁ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «ስድስት ሰዓት ላይ ልቀቁት ብለህ የለ?»

ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር በኋላ ለማንም መግለጽ አልቻለችም። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ሕፃን ሳለች ከዛፍ ስትወድቅ ፊቱ ላይ ያየችው ድንጋጤ ነው። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ቱቦው ቀደመው። መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፤ እንደ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ግራጫ ውሃ መጣ፣ ከግራጫው ቀጥሎ እንደ ዛገ መዳብ አረንጓዴ፣ ከላዩ ቢጫ አረፋ፣ በአረፋው ውስጥ የከብት ፀጉርና የሥጋ ብጣሽ። ሽታው ከዓይን እንባ ያመጣል። ባለጠርሙሷ ጓንቷን አጥልቃ፣ ድንጋይ ረግጣ ወረደችና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠርሙስ ሞላች። የመመርመሪያ ወረቀቷን ነክራው ሳትጨርስ ጠቆረ።

«ስሚኝ» አለ ወንድሟ ከኋላዋ። «ማጣሪያው ለእንግዳ ነው የሚበራው፤ ይህን ማንም ያውቃል። የኤሌክትሪኩን ወጪ አይችሉትም። እኔ የተረከብኩት ቁልፍ ነው፤ ክፈት ሲሉኝ እከፍታለሁ፣ ዝጋ ሲሉኝ እዘጋለሁ። አራት መቶ ሰው ነው በዚህ ፋብሪካ እንጀራ የሚበላ። የአራት መቶ ሰው ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?»

«የእሳቸውስ ጉሮሮ?» አለች እትዬ ሰላጣን በዓይኗ እያሳየች።

«ኧረ እኔን ተዉኝ» አሉ እትዬ ሰላጣ። «እኔ ድሮም ከቁጥር አልገባሁም።»

ባለጠርሙሷ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞላች። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የውሃው ቀለም። «ታዛቢ» ከሚለው መስመር ስትደርስ ብዕሩን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። «ሃያ አራት ጊዜ ስሜን ተጠቅመህበታል» አለችው። «አንድ ጊዜ ስምህን አበድረኝ።» እሱ ብዕሩን አየው፣ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ዞሮ ገደሉን ሲወጣ ጀርባው ያረጀ መሰላት። እትዬ ሰላጣ መጡ። «እጄ ጭቃ ነው» አሉ፤ «ይሁን» አለቻቸው። አውራ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አሳረፉ፤ ወረቀቱ ላይ የወንዙ ጭቃ ቀረ።

ሣጥኑን አቅፋ ታክሲ ተሳፈረች። ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ጀመር። «የበሰበሰ ነገር የያዘ ሰው አለ እንዴ?» አለ ረዳቱ። «ወንዛችን ነው» አለች ከኋላ ወንበር። ጥቂት ሰው ሳቀ፣ አንዲት ሴት መስኮት ከፈተች፣ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» አሉ።

የጽሕፈት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘቻቸው ሴት ለጡረታ ሁለት ወር የቀራቸው ኬሚስት ናቸው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው መሥራት ጀመሩ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ከተፈቀደው አሥራ አምስት እጥፍ ወጣ። ውጤቱን በእጃቸው ጽፈው ማኅተሙን ሲያሳርፉ «እስክወጣ ድረስ ይህ ማኅተም የእኔ ነው» አሉ። «ሩጪ አሁን።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ለስብሰባው ክራቫቱን እያስተካከለ ነበር። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የወንዙ የወደፊት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ዳክዬዎች። ባለጠርሙሷ ያንን ሥዕል ትወደው ነበር፤ ዳክዬዎቹን ሳይቀር። ለዚያ ሥዕል ብላ ነው ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስትዋኝ የከረመችው። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣቱ ወደ እሷ መለሰው።

«ይህ ከፕሮግራም ውጪ የተወሰደ ናሙና ነው። አይመዘገብም።»

«ወንዙ ፕሮግራም አለው እንዴ?»

«አትቀልጂ። ደግሞ ወንድምሽ እዚያ አይደል የሚሠራው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋብሪካው ሠራተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርሽ ስትፈርሚ ነበር ማለት ነው። ይህ ቢነሣ ማንን ነው የሚጎዳው?»

ነገሩ እውነት ነበር። ሰው ሲቀጠር የሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ዘመድ የሚጠይቅ ጥያቄ አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም። ለአፍታ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መክተትና ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር። ከዚያ የእትዬ ሰላጣ አውራ ጣት ታየቻት።

«ይነሣ» አለችው። «እርስዎ ካላነሡት እኔው አነሣዋለሁ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አትክልተኞቹ ለክት ያስቀመጡትን ልብስ ለብሰው መጥተዋል፤ ጣቶቻቸው ላይ ግን አፈሩ አለ። መድረኩ ላይ ስልሳ ሦስት ቅጽ ተደርድሯል፣ በየቅጹ ላይ ብዕር ተቀምጧል። ኃላፊው ስለ ንጹሕ አየርና ስለ መጪው ትውልድ ተናግሮ ሲያበቃ «ፋብሪካው ሃያ አራት ጊዜ ተመርምሯል፤ እንከን አልተገኘበትም» አለ። ባለጠርሙሷ ከመሐል ተነሣች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ሃያ አራቱም ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው» አለች። «ዛሬ አንስቼዋለሁ። የምመጣበትን ሰዓት ያውቁት ነበር፤ ስመጣ ዘግተው ስሄድ ይለቁታል። ሰዓቱ የወጣው ከእኔ ቤት ነው። ወንድሜ እዚያ ነው የሚሠራው፤ ይህንንም ከእኔ ስሙት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚያው ቱቦ የቀዳሁት ውጤት ይኸው፤ ማኅተም አለበት።»

ድምፅ ማጉያው ጠፋ። እሷ መጀመሪያም ድምፅ ማጉያ አልያዘችም። «ጮክ በይ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ሰላጣ ከፊት፤ እሷም ቁጥሩን ከነመለኪያው ጮኻ አነበበች። አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ኃላፊው እጁን አንሥቶ «ፀጥታ! ፀጥታ! የፋብሪካው ተወካይ እዚህ አለ፤ ይህ ክስ እውነት ይሁን ሐሰት እሱ ይመልስ» ሲል የሁሉም አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ከመጨረሻው ረድፍ የተነሣው ወንድሟ ነበር። ፋብሪካው የላከው «ሐሰት ነው» እንዲል እንደሆነ ከአቋቋሙ ገባት። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ የጥገና ሰው ነኝ» አለ። «ሐሰት ነው ለማለት አልችልም።» ቆቡን አድርጎ ወጣ።

ከዚያ የሆነው ነገር ብዙም ጩኸት አልነበረበትም። እትዬ ሰላጣ ወደ መድረኩ ወጥተው ስማቸው ያለበትን ቅጽ ፈለጉ፣ ከላዩ ብዕሩን አንሥተው ጎን አስቀመጡት፣ ቅጹን ገለበጡት። «ቱቦው ሳይነገረው ይለካ። ከዚያ እኛንም ለኩን፤ ፍጋችንንም፣ መድኃኒታችንንም» አሉ። «ጥፋት ከተገኘብን በራሳችን እግር እንወጣለን።» ከኋላቸው ሌላው ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው። ስልሳ ሦስት ብዕር በስልሳ ሦስት የተገለበጠ ወረቀት አጠገብ ተጋድሞ ቀረ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ተያዩ፤ ስብሰባው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ ተባለ። ባለጠርሙሷ ከበሩ ሳትወጣ ደብዳቤ ደረሳት፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከመስክ ሥራ ታግደሻል ይላል። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «መጣራት ያለበት ውሃው ነበር» አለችና፣ ከሥሩ «አንብቤዋለሁ፣ አልተስማማሁም» ብላ ፈረመች።

ቤት ስትደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነው። ወሬው ቀድሟት ገብቷል፤ እናቷ ራቱን አቅርበዋል። ወንድሟ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም አልተያዩም። «እና፣ ከሥራ የተባረረው አንዳችሁ ነው ወይስ ሁለታችሁም?» አሉ እናቷ።

«እኔ ታግጃለሁ» አለች።

«ለእኔ ነገ ይነግሩኛል» አለ እሱ።

ምግቡ ተበላ ለመባል ያህል ተነካካ። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ሰው በር ይዘጋል። ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፤ ደግሞ ይቅርታ የምትጠይቀው ለምኑ እንደሆነ ስታስብ አጣችው። ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ያ ቱቦ አንዱ ብቻ ነው» አለ ሳህኑን እያየ። «ሁለተኛው ድልድዩ ሥር ነው። በድንጋይ ተሸፍኗል። ቆዳው የሚነከርበት የኖራ ውሃ በዚያ ነው የሚወጣው፤ ማታ ማታ ሳይሆን ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ መኪናው ሲበዛና ሰው ወደ ታች ሳያይ።»

ባለጠርሙሷ ብዕሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ግን አልጻፈችም። ይህን ከጻፈች ከነገ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ለእሷም፣ ይልቁንም ለእሱ። ለኬሚስቷ ትሰጠዋለች፣ ኬሚስቷ ሰው ይልካሉ፣ ከየት እንደተሰማ ይጠየቃል። ዓይኗ ከእናቷ ጋር ገጠመ። እናቷ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጅ እንጂ ሌላ ሀብት የላቸውም፤ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «በቤቴ የተነገረ ነው። እኔም ሰምቻለሁ። ጻፊው።»

መጻፍ ጀመረች። ወንድሟ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ፊደል በፊደል ይከተላት ነበር። ድልድዩ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ የተሰነጠቀ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አኖረ።

«‹አሮጌው ድልድይ› በይው» አለ። «አለዚያ አያገኙትም።»